በዲማ መንገድ ላይ በግ ለመሆን ስሞክር

ሳትስቁ ስሙኝ። ከዲማ ወደ ጋምቤላ ስንመጣ የሚኒባሳችን ሞተር ግሎ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ተሳፋሪው ሹፌሩንም መንገዱንም ይራገማል። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪው ግን ባለፈው እሑድ ያስተማርኩት ትዝ አለኝ፤ ጌታችን እንደሚታረድ በግ አፉን ሳይከፍት መከራውን ተቀበለ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ለሌላውም ትምህርት ይሁን ብዬ ሁሉም የሚያየኝ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ።

የቄሳችን ባለቤት እትዬ ብርቄ ጀሪካኗን ከመቀመጫዋ ሥር አውጥታ «ማነው የጠማው?» አለች። ሁሉም «እኔ! እኔ!» አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አጠጥታቸው ስትጨርስ፣ የተረፈውን ለሹፌሩ ሰጠችውና ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው።

«እትዬ፣ ለእኔስ?» አልኳት።

«ጠማኝ መች አልክ?»

«ጌታችን መከራውን ዝም ብሎ ነው የተቀበለው ብዬ...»

«መስቀል ላይ ሆኖ ‹ተጠማሁ› ያለው ታዲያ ማነው?» አለችና የጀሪካኑን ክዳን ገጠመች።

እስከ ጋምቤላ ቃል አልተነፈስኩም። ይሄኛው ዝምታ ግን ከትሕትና አልነበረም፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነው።