የኑራ የቤት ሥራ

እኔን ዘሃራን ያስቀየመችኝ ኑራ ናት፤ ዓረብ አገር፣ መላዝ በሚባል ሰፈር በተቀጠርኩበት ቤት ከአራስነቷ ጀምሬ ያሳደግኳት የመዳሜ ልጅ። የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ስትጽፍ «ምንድነው እሱ?» አልኳት። «የባለቤቱን ስም አስቀድመሽ፣ ጭረትና ‹ስ› ጨምረሽ፣ ንብረቱን ታስከትያለሽ» አለችና አነበበችልኝ፦ «የአባቴ መኪና። የእናቴ ሠራተኛ።»

«ከመኪናው ጎን አቆምሽኝ? ያላ፣ ከእንግዲህ ጠጉርሽን እናትሽ ታበጥርልሽ!» ብዬ ጥያት ወጣሁ።

ጥቂት ቆይታ ደብተሯን ይዛ ማድቤት መጣች። እኔን የጻፈችበትን ሰርዛዋለች። «አሁን ስለራሴ ነው የጻፍኩት» አለች አንገቷን ደፍታ፤ «የዘሃራ ልጅ።» እንባዬን እንዳታይብኝ ወደ ድስቱ ዞርኩና «ኸላስ፣ እጅሽን ታጠቢና ብዪ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት፣ እናቷ ሳትነሳ፣ እንደ አገሬ እንደ ወሎ ልጅ ሹሩባ ሠርቼ ትምህርት ቤት ላክኋት።