ሞተሩ እየሠራ የተቆለፈው በር

የምስክር ቃል መቀበያ
የምስክር መጠሪያ፦ ጋራዡም ሰፈሩም “እትዬ ቡሎን” የሚላት
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ጋራዥ የምታሠራ መካኒክ
አድራሻ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው ግቢ፣ ከጋራዡ ጀርባ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ

እኔ መጠሪያዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር የሆነውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ሰኞ ከምሳ በኋላ የአትክልት ነጋዴው ፒካፕ ጋራዣችን ገባ። ቤንዚን ያለ ልክ ይጠጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ወንድሜ መርምሮ የኦክስጅን ሴንሰሩ መበላሸቱን ነገረኝ። ይህ ዕቃ ጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ተሰክቶ ሞተሩ ነዳጁን እንዲመጥን የሚያደርግ ነው። አሮጌው ዝጎ ከቱቦው ጋር ስለተጣበቀ አልፈታ አለ። እንዲህ ሲሆን በሩን ወለል አድርገን ከፍተን ሞተሩን ጥቂት እናሠራለን፤ ቱቦው ሲሞቅ ይላቀቃል። እኔም “አስነሳው፣ አዲሱን ገዝቼ መጣሁ” ብዬው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ስወጣ በሩ ክፍት ነበር፤ ራሴ ድንጋይ አስደግፌዋለሁ።

ስመለስ የቆርቆሮው በር ተዘግቷል፣ ከውጭም ተቆልፏል። ከሥሩ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ውስጥ ይሠራል። አከራያችን በዚያው ግቢ ባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሟል። እስከዚያች ሰዓት ጋሼ እለው ነበር፤ ከእንግዲህ አልለውም። “ቁልፉን አምጣ፣ ወንድሜ ውስጥ ነው” አልኩት። “እንግዶቼን በጭስ ፈጃችኋቸው እኮ። ስንቴ ልናገር? መጀመሪያ እንነጋገር” አለኝ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሰው እየሞተ እሱ ወግ አማረው። በክሪኩ ብረት የቁልፉን ማንጠልጠያ ገንጥዬ ከፈትኩ።

ወንድሜን በሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አገኘሁት። የጣቶቹ አንጓ ተልጦ ይደማ ነበር። እኔ ጎትቼ ሳወጣው ሞተሩን ያጠፋው የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ እሱም ይጠየቅ።

አከራዩ በጥፊ መታችኝ ብሎ ማመልከቱ ተነግሮኛል። አልክድም፣ መትቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሆነው ወንድሜን መሸከም ስለነበረብኝ ነው እንጂ እጄ ገና አልጠገበም ነበር።

መርማሪው ወንድሜ ለምን ሞተሩን አላጠፋም ብለው ጠይቀውኛል። ያ ጭስ መጀመሪያ ጭንቅላት ያዞራል፣ ከዚያ ጉልበት ይነሳል። ከመኪና ሥር ተንፏቆ የወጣ ሰው በጨለማ የሚሮጠው ወደ አየር ነው። ጎረቤት ይቆልፍብኛል ብሎ ማን ያስባል?

አከራዩ ውስጥ ሰው መኖሩን አላወቅኩም ማለቱም ተነቦልኛል። ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ወንድሜን ሆስፒታል ልንወስደው መኪና ላይ ስንጭነው ሰው ሁሉ በቆመበት “ሲደበድብ ሰምቻለሁ፣ በመዶሻ የሚሠራ መስሎኝ ነው” ብሏል። ሰው ከሌለ መዶሻውን ማን ያዘው? ሞተሩስ ብቻውን ተነሳ? የሰማውን ሰምቶ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጠ። ጎረቤቶች “ተዪው፣ አንድ ግቢ እየኖራችሁ፣ ታረቁ” ይሉኛል። እነሱ ይታረቁት። ነጋዴውም ትናንት ደውሎ መኪናው ደረሰ ወይ ብሎኛል፤ አዲሱ ሴንሰር እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሆዴ እርር ብሏል፤ ይህም ይጻፍልኝ።

ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ዓይኑን ገለጠ። ሐኪሟ አእምሮው እንደ ድሮው ይመለስ አይመለስ ገና አይታወቅም ብላኛለች። መጀመሪያ የተናገረው “እትዬ፣ በሩን ክፈቺልኝ” የሚል ነው። የተኛበት ክፍል በር ክፍት ነው፤ ክፍት መሆኑን አሳየሁት። እሺ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና “ክፈቺልኝ” አለ። ወደዚህ ልመጣ ስነሳም ይህንኑ እየለመነኝ ነበር።

ቃሌ ተነቦልኝ አድምጫለሁ። መርማሪው የሚቀነስ ካለ ሲሉኝ የለም ብያለሁ። የተናገርኩት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቅበታለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ____________