ተስቦ በገባበት ድንኳን

ነርስ በሽታ አትፈራም የሚል ሰው ካለ እኔን ይስማኝ። ተስቦ ወገራን ያመሰ ጊዜ፣ አምባ ጊዮርጊስ በተተከለው የሕሙማን ድንኳን ውስጥ እሠራ ነበር። ከጎንደር አብራኝ የመጣችው ነርስ ጓደኛዬ አስካለ በሽታው ያዛትና እጄ ላይ ሞተች። ከቀብሯ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ልገባ ስል አንገትጌዬ ላይ ቅማል ስትሄድ አየሁ። በሽታውን የምታጋባው እሷ ናት። ልብሴን አውልቄ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩ፤ ገላዬን እስኪላጥ ፈተግኩት። ሌላ ለብሼ ብመለስም እግሬ ደጃፉን አላልፍ አለኝ።

ከበሩ አጠገብ የተኙት ታማሚ፣ እማማ ውዴ፣ አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?»

«ፈራሁ» አልኳቸው። ለማንም ተንፍሼው አላውቅም ነበር።

ይቆጡኛል ስል እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። «እኔስ ብትይ! እናንተ ነርሶቹ ስትስቁ እያየሁ፣ የምፈራው እኔ ብቻ መስሎኝ አፍሬ ዝም አልኩ። ነይ በይ፣ እጄን ያዥኝ።»

ገብቼ ያዝኳቸው። እጃቸው ይፋጃል። ከዚያ መቀሱን አንስቼ፣ ቅማል እንዳይሸሸግበት ፀጉራቸውን ቆረጥኩላቸው። እሳቸው ድነው ልጆቻቸው በበቅሎ ወሰዷቸው። የእኔ ፍርሃት ግን አልለቀቀኝም፤ ስተኛም ስነሳም አንገትጌዬን እዳብስ ነበር።

በአስካለ ምትክ አዲስ ነርስ ስትላክ፣ ገና ከማኪናው እንደወረደች «እኔ እዚህ እፈራለሁ፤ አንቺም ብትፈሪ ንገሪኝ» አልኳት። ልጅቷ ቦርሳዋን እመሬት ጥላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከጎንደር ጀምሮ አምቃው የመጣችው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ።