በረዶው የቀለጠበት ሰኞ

ሸዋገነት ጉለሌ ካለው ቤተ ሙከራ ጓሮ ተቀምጣ ለጥንቸሎቿ ጎመን እየቀነጠሰች፣ ዕቃ አጣቢዋን ንግሥትን ታጫውታለች። ከጀርባዋ የኃላፊው ቢሮ መስኮት ክፍት ነው። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ፤ ወጣቷ ተመራማሪ ጽጌረዳ ከነዚህ ጥንቸሎች ደም ዓመት ለፍታ ያወጣችው፣ ፕሮቲን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ «አይሠራም» ተብሎ ሊደፋ፣ እሷም ከሥራዋ ልትነሳ ነው።

«ብርዱ እንዴት ይዞሻል ንግሥትዬ? የእንጦጦ ነፋስ ዘንድሮ ጨክኗል... ብርድ ግን መልካምም አለው፤ ናሙና ያቆያል።

ከተጣለ መጽሔት ላይ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ምን አነበብኩ መሰለሽ? ሴል መልእክት ሲደርሰው ፕሮቲኑ ላይ ፎስፌት የምትባል ምልክት ትለጠፋለች። የጽጌረዳ አንቲቦዲ የሚያውቀው ምልክቷ ያለችበትን ብቻ ነው። ከወደቀች፣ ያንኑ ፕሮቲን አላየሁህም ብሎ ያልፈዋል። ሰውም እንዲህ ያለ አለ ይባላል... ዘበኛው መሸሻ እንደ ኃላፊያችን የፓርቲ ዓርማ ደረቱ ላይ እስኪሰካ፣ እሳቸው አራት ዓመት ሰላምታ ነፍገውኛል ይላል። ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል እንጂ!

ናሙናው በረዶ ላይ ካልቆየ ምልክቷ በደቂቃ ትረግፋለች። ውጭ አገር የተማረ ሰው ይህን ያጣዋል? ምን ሲደረግ! ሰኞ ዕለት ናሙናውን ከጽጌረዳ እጅ ተቀብለው «እኔው ራሴ እሠራዋለሁ» ማለታቸው ከትሕትና ነው። ወዲያው ለውይይት ተጠሩ። ስለ ሠራተኛው መብት ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዴት አድርገው ተናገሩ! እኔማ እንባዬ መጣ። በረዶውም ሳያለቅስ አልቀረም፤ ስመለስ ናሙናው የተቀመጠበት ሳህን ውሃ ብቻ ሆኖ ጠረጴዛቸው ላይ አገኘሁት።

የምርመራው ውጤት የሚታይበት ፊልም ባዶ ሲወጣ ጥፋቱን ለጽጌረዳ ጻፉላት። ደግነታቸው! ጥፋት እንኳ ለራሳቸው አያስቀሩም...

ልጅቱ ደግሞ ተንኮል አታውቅም፤ የናሙናውን ግማሽ አስቀድማ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑራ ኖሯል። ትናንት በዚያው አንቲቦዲ ሞከረችው። ይኸውልሽ ፊልሙ፤ የምልክቷ መስመር እንደ ኩል ጠቁራ ወጥታለች። ለዛሬው ስብሰባ ሰብሳቢ ልወስድለት ነው። እሳቸውም ደስ አይላቸው ይሆን?»

መስኮቱ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ሸዋገነት ፊልሙን በነጠላዋ ጠቅልላ ተነሣች፤ ድምፅዋንም ለመስታወቱ እንዲበቃ ከፍ አደረገች።

«እኔስ ምርቃት እንጂ ሌላ የለኝም። እንጦጦ ማርያም ዕድሜ ትስጣቸው! ያቺ የደረታቸው ዓርማ የወደቀች ቀን፣ እሳቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው አታሳጣቸው... አሜን በይ እንጂ ንግሥትዬ!»