ደልጊ ዳር ቆማ የተገኘችው ታንኳ

የመስካሪው ስም፦ ኢስሀቅ ቡርሀን
ዕድሜ፦ ዐርባ ሦስት ይሆነኛል ብሏል
ሥራ፦ ታንኳ ሠሪ
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ፣ ከሐይቁ ዳር፣ እስላም ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ዓርብ ሚያዝያ 14 ቀን 1930 ዓ.ም. ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ ባሕር ዳር ፖሊስ ጣቢያ
ጉዳዩ፦ ነጋዴ ሙሔ ዩሱፍ ሰዎችን ያለ ይለፍ ወረቀት ወደ ሱዳን ያሻግራል ስለመባሉ
ቃል ተቀባይና አስተርጓሚ፦ ጸሐፊ ዓምደ ሚካኤል

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው መስካሪ፣ እውነቱን እንድናገር በቁርአን ከማልሁ በኋላ ስጠየቅ የሰጠሁት ቃል የሚከተለው ነው።

ጸሐፊው ዛሬ ስቅለት ስለሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁና አሳጥረህ ተናገር ብለውኛል። እኔም ዛሬ ጁምዓ ነው፣ የእኔም ሶላት ይጠብቀኛል ብያቸዋለሁ። ሆኖም ነገሩ የሚያጥር ስላልሆነ ከመነሻው እናገራለሁ።

ታንኳ መሥራት የአባቴ ሥራ ነው። ደንገል ከሐይቁ ዳር አጭዶ፣ አድርቆ፣ በልጥ ማሰርን ያስተማረኝ እሱ ነው። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ከእኔ የተሻለ አሳሪ የለም። ይህ ቃል ሲተረጎምላቸው እዚህ ተቀምጠው የሚጠይቁኝ ኢጣልያዊው ሹም ሳቁ። ይሳቁ፣ እውነት ነው።

ባለቤቴ ዘሊካ ትባላለች። ከተጋባን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነን፤ ልጅ አላህ አልሰጠንም። ከአምስት ዓመት ወዲህ ዓይኗን ታማለች። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ይወጋታል። በየጁምዓው ከሶላት መልስ ብርሃን ባለበት በራችን ላይ ራሷን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅልላት ነበር። ሦስት አራት ቀን ይሻላታል፣ ከዚያ ደግሞ ይበቅላል፣ ሲበቅልም የባሰ ይጠነክራል። የቀኝ ዓይኗ ነጭ ለብሶ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። የቀራት ግራው ነው። በግራውም ባለፈው መስከረም፣ ጉም ይታየኛል አለች። ያን ቀን ሽፋሽፍቷን ቸኩዬ ሳብሁት። እሷ ግን፣ "ምነው፣ ደንገል የምታስር መሰለህ እንዴ? ቀስ በል እንጂ!" ብላ ቀለደችብኝ።

በአገር ውስጥ ለምን አላሳከምሃትም ተብዬ ስጠየቅ፦ ወስጃታለሁ። እዚህ ሐኪም ቤት ሦስት ጊዜ ሄደን፣ ተራው የወታደር ነው ተባልን። ጎንደር ያለ አንድ የግል ሐኪም፣ ስሙን አላውቀውም፣ ቆርጬ አድናታለሁ አለ፤ የጠራው ዋጋ ግን የዓመት ሥራዬን ሁሉ የሚበላ ሆነ። ሥራዬም እንደ ድሮው አይደለም። የዘጌን ቡናና እንጨት የሞተር ጀልባ መጫን ከጀመረ ወዲህ ታንኳ የሚያዘኝ ጥቂት ነው። እህሉም፣ ጨውም፣ አቡጀዲውም ሰማይ ነካ። ጤፍ ከተውን ሁለት ዓመት ሆነን፤ ዳጉሳውም እየራቀን ነበር።

ሱዳን ያለችውን የገዳሪፍን ነገር ከማን ሰማህ ተብዬ ስጠየቅ፦ ከማን ያልሰማሁት አለ? ቆዳና ቡና ጭኖ ሱዳን የወረደ ሁሉ ያወራዋል። ማሽላው ከሰው ተርፎ አህያ ይቀለብበታል አሉ። ስኳሩ እንደ ልብ ነው። ሐኪም ቤቱ በር ላይ አገርህን አይጠይቁህም፤ ተራ ይሰጡህና ጥላ ሥር ያስቀምጡሃል። ሐኪሙ የዓይኑን ሽፋን እንደ ቀሚስ ጠርዝ ወደ ውጭ አጥፎ ይሰፋዋል፤ ዋጋውም ዶሮ አይገዛም። የሙሔ ሚስት ጀሊላ እዚያ የተወለደች ናት። እሷም፣ "እናቴ በዚህ ዓይነት ድና ዛሬ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች" ብላ ለዘሊካ ነገረቻት። ዘሊካ ያን ቀን እራት አልበላችም። እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ሁለት ጣቶቿን እያገጣጠመች፣ የሌለ መርፌ ላይ የሌለ ክር ስታስገባ አየኋት።

ከዚያ በኋላ የምናወራው ገዳሪፍን ብቻ ሆነ። ደንገል ሳጭድ ገዳሪፍ ነኝ፣ ዓሣ ስንበላ ገዳሪፍ ነን። ሁለት ክፍል ቤት ሠርቼላታለሁ፣ በሩን ሐኪም ቤቱ እንዲታያት ወደዚያ አዙሬዋለሁ። ዘሊካ ግን ግቢውን ጠበበኝ ስላለች አንድ ቀን ሙሉ አጥሩን ስገፋ ዋልሁ። ሐይቅ በሌለበት አገር ታንኳ ሠሪ ምን ሠርቶ ይበላል ብላ ጠየቀችኝ። ምንጣፍ እሠራለሁ፣ ገመድ እገምዳለሁ አልኋት። "ሐይቁስ? አይናፍቅህም?" አለችኝ። "እሱን ተኝቼ አየዋለሁ፣ አንቺ ብቻ ነቅተሽ እይ" አልኋት።

እዚህ ላይ ጸሐፊው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ያየኸውን ተናገር፣ ህልም አይጻፍም" ብለው ተቆጡኝ። እኔም፣ ጌታው፣ የተጠየቅሁት ስለ ገዳሪፍ ነው፤ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ ወዲያ ያለውን አገር በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው ገዳሪፍ የለኝም ብዬ መለስሁላቸው። እንዲጻፍም አደረጉ፤ አላህ ይስጣቸው።

ይለፍ ወረቀት ጠይቀህ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ተመላልሻለሁ። መልሱ ነገ ና ነበር። በመጨረሻ አንድ ጸሐፊ፣ እርስዎ አይደሉም፣ ሌላ ነው፣ አገርህ ላይ ሐኪም እያለ ሱዳን ያለ የእንግሊዝ ሐኪም ምን ያደርግልሃል ብሎ መለሰኝ። ሙሔ ሂድ ብሎ አልገፋፋኝም። ልሂድ ብዬ ደጅ የጠናሁት እኔ ነኝ። እሱ ዓይኗን ለታመመች ሴት አህያ አዋሰ እንጂ ሌላ ሲያደርግ አላየሁም። ይህ በደንብ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ።

በመጋቢት ወር አዲስ ታንኳ ሠራሁ። ዘሊካ የምትተኛበትን ደረቅ ደንገል ከውስጥ ደልድዬ፣ ራስጌዋን ከፍ አድርጌ ሠራኋት። ጎረቤታችን የብርጓል አይታ፣ "ደሞ ይህች ለማን ናት? ልታገባ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። የት እንደምንሄድ ግን ለእሷም አልነገርኋትም።

ሰኞ ሚያዝያ 10 ቀን ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። ዘሊካ ብርሃን ስለሚወጋት ዓይኗን በሻሽ ሸፍና በጀርባዋ ተኛች። ሐይቁ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ጥቂት እንደቀዘፍሁ ወደ ኋላ ባይ ባሕር ዳር የለችም፣ ወደ ፊት ባይ ዘጌ የለችም። ውሃውና ሰማዩ አንድ ሆኑ። መቅዘፊያውን ሳነሣ ጠብታው ሲወርድ ይሰማል፣ ሌላ ድምፅ የለም። የምንሄድ ሳይሆን ተንጠልጥለን የቆምን መሰለኝ። ያለ ወረቀት መሄዴን ረሳሁት። ጌቶቼ፣ እውነቱን ለመናገር በዕድሜዬ እንደዚያ ጧት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ምን ይታያል?" አለችኝ። ጉማሬ ሳይ ጉማሬ፣ ነጫጭ ወፎች ሳይ ወፎች እያልሁ ነገርኋት። ጉሙ ሲበረታና የማየው ሲጠፋ ደግሞ ከልቤ እያወጣሁ ነገርኋት። ማዶ ከተማ ይታያል፣ ሴቶች ማሽላ አስጥተዋል፣ ነጭ የለበሰ ሐኪም ከበር ወጥቶ ወደ እኛ ያያል አልኋት። "ምን ይላል?" አለችኝ። "ያቺ ዘሊካ የምትባለው ምነው ዘገየች ይላል" አልኋት። "ውሸታም!" ብላ በእግሯ ገፋችኝ። ቀጥላም "ደግሞ ንገረኝ" አለችኝ። እንዲህ እያወራን ሰኞ ዘጌ፣ ማክሰኞ ቁንዝላ አደርን። ማንም ሰው አላየንም።

በሁለቱም ቦታ ታንኳዋን አውጥቼ አቁሜ ነው ያደርሁት። የደንገል ታንኳ ውሃ ላይ ካደረች ትጠጣለች፣ ትከብዳለች፣ ቶሎ ትበሰብሳለች። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሰው ከሐይቅ ሲወጣ ከሁሉ በፊት ታንኳውን ጎትቶ፣ በቁሟ ዛፍ አስደግፎ ውሃዋ እንዲንጠፈጠፍ ያደርጋል። እራትም ወሬም ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ረስቼ በመግባቴ አባቴ ከመሶብ አስነሥቶኛል።

ረቡዕ ሚያዝያ 12 ቀን ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ ደልጊ ደረስን። ሙሔና ጀሊላ አህዮቻቸውን ጭነው ሾላ ሥር ይጠብቁን ነበር። ጀሊላ ዘሊካን እጇን ይዛ አወጣቻት፤ አህያ ላይ አስቀመጥናት። ሙሔ፣ "ታንኳዋን ግፋት፣ መሃል ሐይቅ ትሂድ፣ እዚህ ከታየች ጉድ ይፈላል" አለኝ። ልክ ብሏል። ገፋኋት። ሁለት ክንድ ያህል ሄዳ ቆመች፤ ነፋስ አልነበረም። ሦስት ቀን ውሃ ጠጥታ ጎኗ ጠቁሯል። ቆሜ አየኋት። "ኧረ ና እንጂ!" አለኝ ሙሔ። "ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ" አልሁ። ዘሊካ ከአህያዋ ላይ ሆና፣ "ምን ረሳህ?" አለችኝ። "ምንም፣ መጣሁ" አልኋት። "ቶሎ በል" አለችና ሄዱ።

እኔም ውሃ ገብቼ ታንኳዋን ጎትቼ አወጣኋት፣ ሾላው ላይ አስደግፌ አቆምኋት። ሩብ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። ቁመቷ ከሁለት ሰው በላይ ስለሆነ ስትቆም ከሐይቁ መሃል ትታያለች። ሐይቁን የሚጠብቀው የወታደር ሞተር ጀልባ ያን ጊዜ በዚያ ሲያልፍ አይቷት ዞረ። ወታደሮቹ ወርደው ሲይዙኝ የላላ ልጥ እያጠበቅሁ ነበርሁ።

ላትመለስባት ለምን አቆምሃት ተብዬ ስጠየቅ፦ በመጀመሪያ ለወታደሮቹ፣ ያገኛት ሰው ይጠቀምባት ብዬ ነው ብያቸው ነበር። ውሸት ነው፣ ያንን ቃሌን ትቻለሁ። ምንም አላሰብሁም። እጄ ነው የሠራው። ሚስቴ አህያ ላይ ተቀምጣ፣ መንገዱ ተከፍቶልኝ፣ እኔ ደንገል አደርቃለሁ! ሁለት ሌሊት ይህን እጄን እያየሁ ቁረጠው ቁረጠው አሰኝቶኛል። ኢጣልያዊው ሹም ይህ ሰው ጅል ነው ወይ ብለው ጸሐፊውን ጠየቁ። አዎ ጅል ነኝ፣ ይጻፉልኝ።

ባለቤትህ አሁን የት ትገኛለች ተብዬ ስጠየቅ፦ አላውቅም። የሚሄዱት በጭልጋ መንገድ ይሁን በቆላው ሙሔ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። የማውቀው ነገር ቢኖር ከኋላዋ ኮቴ በሰማች ቁጥር "ኢስሀቅ፣ አንተ ነህ?" እንደምትል ነው። ማን እንደሆነ አይታያትም። ሙሔም እየመጣ ነው ይላታል። ደግ ሰው ነው፣ እንደዚያ ይላታል።

ኢጣልያዊው ሹም ሁለተኛ ወረቀት አስጽፈው በፊቴ አነበቡልኝ። ወረቀቱ፣ ዘሊካ ሆይ፣ ተይዣለሁና ተመለሽ የሚል ነው። ወታደር ባይደርስባትም ነጋዴ ከነጋዴ እየተቀባበለ መልእክቱን ያደርስላታል፤ እሷ ከተመለሰች ሁለታችሁም በምሕረት ቤታችሁ ትገባላችሁ፣ እምቢ ካልህ ግን እስራትህ የዓመታት ነው አሉኝ። ጸሐፊውም በራሳቸው አፍ፣ "ወንድሜ፣ አስብበት" ብለውኛል።

አስቤበታለሁ። መልእክቱ እንደሚደርሳት አላጣሁትም። ዘሊካ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያልኋትን ሰምታ አታውቅም፤ ሂጂ ስላት ትቀመጣለች፣ ተቀመጪ ስላት ትነሣለች። ይህን ግን ትሰማለች። መተማ በር ላይ ብትሆንም፣ ሐኪሙ ደጅ ተራዋ ደርሶ ብትጠራም ትመለሳለች። ትመለስና እዚህ እስር ቤት በር ላይ ቁጭ ትላለች፣ የቀረው ዓይኗም እዚያው ተቀምጣ ይጠፋል። እኔም ተፈትቼ ስወጣ በድምፄ ነው የምታውቀኝ። ፈርቻለሁ፤ እስራቱን አልፈራም አልልም። ቢሆንም ወላሂ ያ ወረቀት ላይ ጣቴን አላኖርም።

ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። የተጻፈው ሁሉ በአማርኛ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያላልሁት አልገባበትም፣ ያልሁትም አልቀረም። እውነት ስለመሆኑ በዚህኛው ወረቀት ላይ የቀኝ አውራ ጣቴን አትሜያለሁ።

የመስካሪው የጣት ምልክት፦ ኢስሀቅ ቡርሀን
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ዓምደ ሚካኤል
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ

ማስታወሻ፦ ለባለቤቱ የተጻፈው ሁለተኛው ወረቀት ለመስካሪው ሦስት ጊዜ ቀርቦለት ጣቱን አላኖርበትም ስላለ፣ ምልክት ሳይደረግበት ከዚህ ቃል ጋር ተያይዟል። ዓ. ሚ.