ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጦ ነበር?

"ሽንኩርቱ ሳያርርብሽ አማስዪው እንጂ፣ ጆይሊን እቴ! ዘንድሮ እኮ አገራችን ዊመራ ዝናብ ጠገበች… ስንዴው አማረበት፣ የመወዳደሪያው ሜዳ አፈሩ ረጋ። ምን ጎደለን?"

ሜርል ለክለቡ ምሳ ቋሊማ እየጠበሰች ነው። ጆይሊን የእሽቅድምድም ክለቡ ሊቀመንበር ናት፤ የክለቡን መኪና ከእንግዲህ ማን እንደሚነዳ ኮሚቴዋ ከምሳ በኋላ ይወስናል። እስካሁን ሹፌሯ የሜርል ልጅ ኪርስቲ ነበረች፤ ባለፈው ቅዳሜ በውድድር ላይ አጥር ገጭታ ክንዷ ተሰብሯል፤ መኪናው ግን ብዙም አልተጎዳም። ከውድድሩ በፊት መኪናውን ያስተካከለላት ሰውዬ በማግስቱ ራሱ ነድቶት "ጥፋቱ የልጅቷ ነው፤ ለኔ ስጡኝ" ብሏል። አሁን ዳቦውን ይዞ ከጆይሊን ጀርባ ወረፋ ቆሟል። ሜርል አይታዋለች። ድምጿን ትንሽ ከፍ አደረገች እንጂ ወደሱ አልዞረችም።

"መቼም እንደዚያ ያለ ትጉህ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌላው የመኪና ሞላና ሻንሲ ለመማር ዕድሜውን ይፈጃል፤ እሱ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ፣ በቪዲዮ፣ በአንድ ክረምት ጨረሰው! ከዚያማ በየጎማው ሥር ሚዛን ደቅኖ፣ ሞላውን ሲያጠብቅ ሲያላላ ዋለ። አራቱም ጎማ ድርሻውን ይሸከም ብሎ ነዋ። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ካልተቀመጠ ደግሞ ልኩ አይመጣም፣ አይደል? ታዲያ ኪርስቲን ለምን ያድክማት… ራሱ ተቀመጠላት።

"ደግነት አይደል? የኔ ልጅ ከነሄልሜቷ የተሸለተ በግ አታክል። እሱ ደግሞ… እግዜር ያልሰሰተበት፣ ባለግርማ ሰው ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ ከአቀማመጥም እንደሚቀደድ ያስተማረኝ እሱ ነው።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። ልጄ ማንንም ሳትንቅ ነቀነቀችው!"

 ቋሊማዎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ነው የምታገላብጠው።

"በማግስቱ ሲነዳውስ አየሽልኝ? መታጠፊያው ላይ ወለም ዘለም የለ! ለምን ይኑር? በልኩ የተሰፋ ኮት ማንን ይጠባል? 'ልጅቷ መንዳት አትችልም' አለ አሉ… እውነቱን ነው። በሰው ኮት ማን ሮጦ ያውቃል?

"እኔማ መሪውን ስጡት ባይ ነኝ። ኪርስቲም ውለታ አትረሳም፤ 'ክንዴ ሲድን ሞላውን እኔ አስተካክልለታለሁ' ብላለች። ወንበሩ ላይም ራሷ ትቀመጥለታለች… እሱ ምን ይልፋ?

"እግዜር ያክብረው፣ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። መሪውን በጨበጠ ቀን ደግሞ… ልክ እንደ ራሱ ያለ አሳቢ ባለሙያ አያሳጣው!"