ወንድሜ በእንግሊዝኛ የላከው ይቅርታ

ይቅርታ የሚለምን ሰው ለምን የፈረንጅ ተረትና ምሳሌ ይዋሳል? ከብዙ ዓመት በኋላ ከውጭ አገር ተመልሼ ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ ቤት እንደተከራየሁ፣ የወንድሜ ልጅ ሕሊና ከአባቷ የተላከ ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች። እናታችን ስትሞት "በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሰማ" ብሎ መርዶውን ደብቆኝ፣ በደወልኩ ቁጥር "ተኝታለች" ሲለኝ የከረመው እሱ ነው። እህቶቼም ያውቁ ነበር። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። "ደም ከውሃ ይወፍራል" ይላል። "ያ ሁሉ በድልድይ ሥር ያለፈ ውሃ ነው" ይላል፤ ያለፈው አልፏል ለማለት። እንዲህ ያሉ አባባሎችን በመጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብቤአለሁ፤ ለእኔ ብሎ የጻፈልኝ ሰው ግን አልነበረምና ገርሞኝ ደጋግሜ አየኋቸው። የእናቴ ስም ግን በደብዳቤው የትም የለም።

"አባትሽ ነው የጻፈው?" አልኳት።

"አይ አክስቴ፣ እኔ ነኝ። አባዬ በአማርኛ ጀምሮ እንባው አላስጨርስ ሲለው፣ በእንግሊዝኛ ይቀላል፣ አንቺ ጻፊልኝ አለኝ።"

"የጀመረው ምን ይል ነበር?"

አንገቷን ደፋች። "'እማዬ እስክትሞት ስምሽን ስትጠራ ነበር' ይላል። ከዚያ አላለፈም።"

ያችን አንዲት መስመር ልኮልኝ ቢሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። አልላካትም። ደብዳቤውን መለስኩላትና "ሂጂ ንገሪያቸው" አልኳት፤ "እሱንም፣ እህቶቼንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።"